«ለጤና ነው» እያልን የምናበላው





ዛሬ የመጣሁት ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ለማውገዝ አይደለም። ከረሜላ ጥርስ እንደሚጎዳ፣ ለስላሳም ስኳር እንደሆነ የማያውቅ ወላጅ በዚህ አዳራሽ የለም። ስለምናውቅም ነው ልጁ ሁለተኛ ጠርሙስ ሲጠይቅ «በቃህ» የምንለው። እኔን የሚያሳስበኝ «ለጤና ነው» ብለን፣ ከኪሳችን አውጥተን፣ ልጁ እምቢ ሲል እንኳ ለምነን የምንሰጠው ነው። በጎ ስም የወጣለት ምግብ መጠን ያስረሳናል። እሱ ላይ «በቃህ» የሚል ወላጅ አላየሁም። ጉዳቱም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በኩል ነው።

ከጭማቂ ልጀምር፤ ብዙ የምለው እሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጭማቂ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ስታዝዙ የሚቀርብላችሁ ብርጭቆ ዓይን የሚስብ ነው። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ አቮካዶው በየቀለሙ ተደርቦ፣ ከአናቱ ቀይ ሽሮፕ ፈሶበት፣ ቁራጭ ሎሚ ከጎኑ ይመጣል። አንድ ቀን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት መፍጫው አጠገብ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሠራተኛው የአቮካዶውን ሥጋ በማንኪያ ፍቆ ያስገባል፤ ውኃ ይጨምራል፤ ከዚያ ስኳሩ ይከተላል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዳንድ ቤት ሦስቴ፣ ያውም በሾርባ ማንኪያ። አቮካዶ በተፈጥሮው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ቅባቱ ለልብ የሚስማማ ነው፤ ፋይበሩም ብዙ ነው። በሎሚና በቃሪያ አድርገን ዳቦ ላይ ብንቀባው ከጥሩ ምግብ ጥሩ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ ግን የስኳር መጠጫ እናደርገዋለን። ያ ቀዩ ሽሮፕም ያው ስኳር ነው።

«እኔ ያለ ስኳር ነው የማዝዘው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጎበዞች ናችሁ፤ በዚሁ ቀጥሉ። ሆኖም ብርቱካንን እንውሰድ። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይጨመቃል። አራት ብርቱካን ልጣችሁ በአንድ መቀመጫ ብሉ ብትባሉ ሦስተኛው ላይ ትታክታላችሁ። ጭማቂውን ግን በሁለት ደቂቃ ጨርሳችሁ ወደ ምሳችሁ ትሄዳላችሁ። ፋይበሩ አብዛኛው ከገለባው ጋር ተጥሏል፤ ስኳሩ ብቻ ሳይቀነስ ወደ ሆድ ወርዷል።

ይህ ግምት አይደለም። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለአሥር ጤነኛ ሰዎች አፕል በሦስት መልክ አቀረቡላቸው፤ እንዳለ፣ ተፈጭቶ፣ እና ተጨምቆ። ስኳሩ በሦስቱም እኩል እንዲሆን ተደርጓል። ጭማቂው እንዳለ ከሚበላው አፕል በ11 እጥፍ ፈጥኖ አለቀ። ሰዎቹ ሲጠጡት፣ አፕሉን ሲበሉ የጠገቡትን ያህል አልጠገቡም። በደማቸው ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም የደም ስኳራቸው ወደ ታች ወረደ። አፕሉን አኝከው ሲበሉ ግን ይህ መውረድ አልታየም። ልጆቻችን ጣፋጭ ነገር ጠጥተው ብዙም ሳይቆዩ «ራበኝ» የሚሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል።

ሌላው ጥናት ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ከ187 ሺህ በላይ የሚሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ፍራፍሬ እንዳለ የሚበሉት፣ በተለይ ወይንና አፕል የሚያዘወትሩት፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጭማቂ የሚያዘወትሩት ደግሞ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ክትትል ብቻ የሆነ ጥናት ምክንያትና ውጤትን አይቆርጥም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከብሪስቶሉ ጋር ሲደመር ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር የመደበው ሻያችን ላይ ከምንጨምረው ስኳርና ከማር ጋር ነው። አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከዚህ መደብ የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ለአዋቂ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ያህል፣ ማለትም ወደ 12 የሻይ ማንኪያ ነው። ለልጅ ከዚህ ያንሳል። ስኳር የተጨመረበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጭማቂ የሰባት ዓመት ልጅን የቀን ድርሻ በአንድ መቀመጫ ይጨርስበታል። በካርቶን የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭማቂ እንኳ አይደለም። ጀርባውን አዙራችሁ አንብቡ፤ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነውና ውኃ አንደኛ፣ ስኳር ሁለተኛ ሆኖ ከተጻፈ የገዛችሁት የፍራፍሬ ሥዕል ያለበት የስኳር ውኃ ነው።

ጨቅላ ላላችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ አይሰጥ ብሏል። ጡጦ ውስጥ ጭማቂ ሞልቶ ሕፃኑን ማስተኛት ደግሞ ገና የወጡትን የፊት ጥርሶች ያበሰብሳል። በዚሁ አጋጣሚ ማርም ላንሣ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ጠብታ ማር እንኳ አይቅመስ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሽባ የሚያደርግ በሽታ የሚያመጣ የተሕዋስ ዘር ሊኖር ይችላል። የእኛ አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም። «ንጹሕ የጫካ ማር ነው» ማለት ከዚህ አያድንም፤ ይህ ዘር ከአፈር የሚመጣ እንጂ ማሩ ላይ ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለ የሚኖር አይደለም።

አሁን ወደ እናቶች ልምጣ። አራስ ልንጠይቅ ወይም የታመመ ሰው ልናይ ስንሄድ ማልት ይዘን እንገባለን። ነፍሰ ጡር ደም አንሷታል ሲባል ደግሞ ቀይ ሥር ተጨምቆ ይሰጣታል። ሁለቱም ደም ይተካሉ ይባላል። አልኮል የሌለው ማልት በስኳሩ ከሌላው ለስላሳ ጋር የሚቀራረብ መጠጥ ነው። ቀይ ሥር ደግሞ በራሱ መልካም አትክልት ነው፤ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን አለው። ብረቱ ግን ከ100 ግራም ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ትፈልጋለች። የተቀቀለ ምስር በዚያው በ100 ግራም ከሦስት ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ከቀይ ሥር ከሦስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ቀለሙ ደም ስለመሰለ ደም አይሆንም።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የያዝኩት ቀይ ሥር የሚጠላ ሆኖ አይደለም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የብረት ክኒን ኮሞዲኖ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በጭማቂው ተማምና ወራት የምታሳልፍ ነፍሰ ጡር ስላለች ነው። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፤ ሆድ ያደርቃል፤ እውነት ነው። ስለዚህም ሐኪሟን ማማከር እንጂ በቀይ ሥር መተካት አይገባትም። ደም ማነስ በወሊድ ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል። እህቶቼ፣ ልጆቻችሁና የወንድሞቻችሁ ሚስቶች ሲያረግዙ ጭማቂውን ከማቅረባችሁ በፊት «ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ስለ ብረት ከተነሣ ቡናችንንም አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ የተጠጣ ያህል ሆነ። እኛ ደግሞ ማዕድ ተነሥቶ እጅ ሳይደርቅ ነው ቡናው የሚቀዳው። ደም ማነስ ያለባት እናትና በማደግ ላይ ያለች ልጃገረድ ቡናቸውንና ሻያቸውን ከምግብ ቢያርቁ፣ ምስሩ ላይም ሎሚ ቢጨምቁ፣ ብዙ ያተርፋሉ። ሎሚ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል።

ቫይታሚንን በተመለከተ አንድ ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ። ካሮትና ሌላ ቢጫ አትክልት የሚበሉ ሰዎች ካንሰር እንደሚቀንስባቸው በየጥናቱ ሲታይ፣ «እንግዲያው ካሮትን ቢጫ የሚያደርገውን ቤታ ካሮቲን በክኒን እንስጥ» ተባለ። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ በሚሆኑ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በካሮት መጠን ተፈጥሮ የሰጠችው ነገር በክኒን ተጠራቅሞ ሲመጣ ለአጫሾቹ ጠንቅ ሆነባቸው። ልጃችሁ የምግብ ፍላጎት አጣ ብላችሁ ሐኪም ሳያዝ ከመድኃኒት ቤት የቫይታሚን ሽሮፕ የምትገዙ ወላጆች ይህን አስቡ።

አሁን የጾሙን ጉዳይ ላንሣ። የጾማችን ምግብ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ክኩ፣ ተልባው፣ ዓለም ዛሬ ብሉ እያለ የሚመክረው ነው። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ከተማ ውስጥ ያለነው ግን ቀስ እያልን ለወጥነው። የጾም ኬክ መጣ፣ ቦንቦሊኖው በዛ፣ ሳምቡሳው፣ የድንች ጥብሱ፣ በዘይት የጠገበ ፓስታ የጾም ምሳ ሆነ። ሥጋና ወተት ስለሌለበት ብቻ «ቀላል ምግብ ነው» እንላለን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ሥጋ ውስጥ ቢገባም ጎመን ውስጥ ቢገባም አይቀንስም።

ዘይት ስትገዙ ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እውነት ነው፤ ኮሌስትሮል የሚገኘው እንስሳ ውስጥ ነውና ከዕፅዋት የሚወጣ የትኛውም ዘይት የለውም። ግን ደማችሁ ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ከሁሉም በላይ የሚረጋው ቅባት ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ቅባት ነው፤ በዚህ ከቅቤ ጋር ይቀራረባል። የሱፍ ዘይት ወደ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው። የኑግ ዘይታችንም ፈሳሽ ከሆኑት መልካም ዘይቶች ይቆጠራል። ፓልም በገበያው ላይ የበዛው ለኪስ ስለሚቀል ነው፤ የኑሮ ውድነቱን እያየሁ «አትግዙ» ብዬ አልፈርድባችሁም። ቀንሳችሁ ተጠቀሙ፣ ከቻላችሁ ከፈሳሹ ጋር አፈራርቁ፣ የጠበሳችሁበትን ዘይት ደግሞ ደጋግማችሁ አታሙቁ እላለሁ።

የጾም ኬክና ብስኩት ውስጥ የሚገባው ማርጋሪን የራሱ ታሪክ አለው። ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጂን አርግቶ ቅቤ ማስመሰል የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ኋላ ቅቤ ልብ ይጎዳል ሲባል፣ ሐኪሞች ራሳቸው ለታማሚዎቻቸው «ቅቤውን ትታችሁ ማርጋሪን ብሉ» ይሉ ነበር። ቅን ምክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ሜንሲንክና ካታን፣ በዚህ አረጋግ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን ጥሩውንም ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። ቅቤ እንኳ ያን ሁለተኛውን አያደርግም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገደበችው፤ አሜሪካ በ2015 ከምግብ እንዲወጣ ወሰነች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ከዓለም ገበያ ይጥፋ ብሎ ጥሪ አቀረበ። የጤና ምግብ ተብሎ ቤታችን የገባ ነገር ጥፋቱ እስኪታወቅ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀ። ብስኩትና ማርጋሪን ስትገዙ ዝርዝሩ ላይ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካገኛችሁ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ዳቦንም ቶሎ ልለፈው። የጠቆረ ሁሉ ከሙሉ ስንዴ የተጋገረ አይደለም፤ ቀለሙ ከተቃጠለ ስኳር ሊመጣ ይችላል። ሻጩን «ፉርኖ ዱቄት ነው ወይስ ሙሉ ስንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቆርሳችሁም ገለባውን ፈልጉ።

ይህ የከተማና የፋብሪካ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ስለ ጓያ መናገር አለብኝ። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሰብል ሲደርቅ ጓያ ይበቅላል። ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሽሮው ይጣፍጣል፤ ቂጣው ያጠግባል፤ ፋብሪካ አልነካውም፤ ከገዛ ማሳችን የወጣ ንጹሕ እህል ነው። በውስጡ ግን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ጥቂት ጥቂት ከሌላ ጋር ሲበላ ችግሩ አይታይም። በችጋር ዘመን ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ቀለብ ሲሆን ግን ጉልበት ይይዛል። ብርቱ ገበሬ፣ ለጋ ወጣት፣ አንድ ቀን እግሩ አልታዘዝ ይለውና ዱላ ይዞ ይቀራል። የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ የነርቭ ሐኪሞቻችን ደምቢያና ፎገራ ድረስ ሄደው ይህን በሽታ አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከጤፍና ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ያም ሆኖ ችጋር የገባበት ቤት ምርጫ የለውም። እኛ ምርጫ ያለን ሰዎች ቢያንስ የተዘጋጀ ሽሮ ስንገዛ ከምን እንደተፈጨ እንጠይቅ፤ ገጠር ላሉ ዘመዶቻችንም ይህን እንንገራቸው።

ወላጆች፣ የመጣሁት ምግብ እንድትፈሩ ለማድረግ አይደለም። ፍርሃት የተቀመጠበት ማዕድ ለልጅ አይበጅም። ብርቱካኑ እንዳለ ይበላ፤ ሙዙ፣ ማንጎው፣ ዘይቱኑ ይበላ። ቆሎው፣ በሶው፣ ሽንብራው፣ የተቀቀለው እንቁላል የልጅ መክሰስ ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ውኃ ደግሞ የሚተካው የለም።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ረፍት ላይ የልጆቻችሁን የምሳ ዕቃ በየክፍሉ ዞሬ አይቻለሁ፤ እጅግ ብዙው ውስጥ የካርቶን ጁስና ብስኩት አለ። ያስቀመጣችሁት ልጆቻችሁን ስለምትወዱ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ ወላጅ ብቻ ቢያስቀር ልጁ ጓደኞቹ ፊት ይቸገራል፤ ሁላችሁም በአንድ ላይ ብታስቀሩት ግን የሚቸገር ልጅ አይኖርም። የወላጅ ኮሚቴው እዚሁ ተቀምጧል፤ ርእሰ መምህሩም አሉ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በዚህ ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃ ውስጥ መጠጡ ውኃ፣ ጣፋጩም እንዳለ የሚበላ ፍራፍሬ እንዲሆን ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ፣ ወስኑ።